ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቅ ለልጄ ላፕቶፕ ገዛን። ሻጩ መሥራቱን ሊያሳየን ሲከፍተው ከጎኑ ሞቅ ያለ አየር ወጣ። የጋለ አቧራ ይሸታል። ልጄ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰው እያየን እኮ ነው!»

«ምንም» አልኳት።

ሰባተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት በዚያ ሽታ ውስጥ ነበር። ስለዚያ ክረምት እግዚአብሔርን ያላመሰገንኩበት ዓመት የለም። ጽፌው ግን አላውቅም።

ያሳደገችኝ አክስቴ አስቴር ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። እናትና አባቴ ካረፉ በኋላ ከቦምቤ ወደ ሶዶ ያመጣችኝ እሷ ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ አልነበራትም። ሥራዋ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የጽሕፈት መኪና ነበራት። ባለጉዳዮች ከቤሌም ከቦዲቲም ይመጣሉ። የመሬታቸውን፣ የፍቺያቸውን፣ የጠፋባቸውን በሬ ነገር በወላይትኛ ይነግሯታል። እሷ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ትሰማለች። ከዚያ በአማርኛ ትጽፋለች። ጽሕፈት መኪና ስህተትን አይምርም፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወረቀቱ ይጣላል። አክስቴ ወረቀት ስትጥል አይቼ አላውቅም።

ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤት ይዘጋል። ጥቅምት ሲብት ይከፈታል። ልጅ ሳለሁ በእነዚያ ሁለት ወራት ሰው የሚጣላ አይመስለኝም ነበር። ዳኞቹ ሲያርፉ ጠቡም አብሮ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ክረምትን እወድ ነበር።

የዚያን ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ከጥቅምት ጀምሮ በኮምፒውተር ያልተጻፈ አቤቱታ ተቀባይነት የለውም ይላል። አክስቴ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የጽሕፈት መኪናዋን በጨርቅ ጠረገች።

አጠገቧ የሚጽፈው አቶ ጌታቸው አዲስ ኮምፒውተር አዝዞ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ቀልዱ ግን ጥርስ አለው።

«እህት አስቴር፣ ይህቺን መኪናሽን ከእንግዲህ ምን ልታደርጊያት ነው? ጎመን ትከትፊባታለሽ?»

«ጎመንህን አምጣው» አለች አክስቴ ቀና ሳትል። «እከትፍልሃለሁ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ግን እንዳልሳቀች አየሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ የሚጠብቀንን በጥቂት ቃላት ነገረችኝ። ጥቅምት አንድ ቀን በኮምፒውተር መጻፍ ካልቻለች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቦታው ከሄደ የሶዶን የቤት ኪራይ የሚከፍል የለም። ቦምቤ አጎቴ ቤት እንገባለን፤ እሱ ደግሞ የራሱን ስምንት ልጆች ማብላት አቅቶታል።

«ሁለት ወር አለን» አለች። «ጌታ በስድስት ቀን ስንቱን ሠርቷል።»

አዲስ ኮምፒውተር የማይታሰብ ነበር። ቦዲቲ ውስጥ ጋሽ ማቴዎስ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ድምፅ ማጉያ የሚጠግነው እሱ ነው። ሱቁ ጣሪያው ድረስ በሞቱ ዕቃዎች የተሞላ ነው። አክስቴ ችግሯን ስትነግረው ጺሙን እያሻሸ ዞር ዞር ብሎ አየ።

«አዲስ አትበይኝ እንጂ፣ ከእነዚህ ሬሳዎች አንዱን አስነሣልሻለሁ።»

«ማስነሣት የጌታ ነው» አለች አክስቴ። «አንተ ሥራው ብቻ።»

ሁሉም ከየቦታው የተሰበሰበ ነበር። ሲፒዩው፣ ዋናው ሳጥን፣ አንድ ኮሌጅ ከጣላቸው ዕቃዎች ነው። ሞኒተሩ ጀርባው ትልቅ፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ፣ ከየት እንደመጣ ጋሽ ማቴዎስም አያውቅም። ኪቦርዱ ላይ ሁለት ቁልፎች የሉም፤ በቦታቸው የሸሚዝ አዝራር ለጥፎባቸዋል። እንዲህም ሆኖ ገንዘቡ አልሞላም።

የሞላው ከቅቤ ነው። በእኛ አገር ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ መስከረም ውስጥ ይውላል። የሰፈር ሴቶች ለዚያ ቀን ቅቤ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ በማኅበር ያጠራቅማሉ፤ አክስቴም አባል ነበረች። ለጊፋታ ቅቤ የሌላት ሴት እንግዳ ፊት መቆም ያቅታታል። አክስቴ ድርሻዋን በቅቤ ሳይሆን በገንዘብ፣ ያውም ቀደም ብሎ እንዲሰጧት ጠየቀች። ሴቶቹ ደነገጡ።

«ጊፋታን ያለ ቅቤ? አስቴር፣ አሞሻል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል። ጥቅምት ሲመጣ ሰው አይጽፍልኝም።»

ሰጧት። እያጉረመረሙ፣ ግን ሰጧት። ዛሬም ስማቸውን በጸሎቴ እጠራለሁ።

ከቦዲቲ በሚኒባስ ስንመለስ ሞኒተሩ እኔ ጭን ላይ ነበር። ሊያዘነብል ባለ ቁጥር በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ እይዘው ነበር። ፊደሎቹ ሁሉ ውስጡ ያሉ ይመስለኝ ነበር። ቢያዘነብል አንድ ጥግ ተከማችተው ሲደባለቁ ይታየኝ ነበር። ረዳቱ ወደ ጎን ሊያስተኛው ሲሞክር ጮህኩ።

«ምን አለበት ይህ?»

«ጽሑፍ አለበት!» አልኩት።

አክስቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነበር።

ቤት ደርሰን ስንከፍተው ብዙ ጊዜ አንጎራጎረ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፎቶግራፍ መጣ። የባሕር ዳርቻ ነው። ራሰ በራ ነጭ ሰውዬ፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ሁለት ልጆች። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ይሆናሉ። እኔ ግን ሰዎቹ በዚያ በኩል ተቀምጠው እኛን የሚያዩን መሰለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሬን ሳላበጥር ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም። ስከፍትም ደህና አደራችሁ እላቸዋለሁ። አክስቴ አላረመችኝም። እንዲያውም ከሥራ በፊት ስንጸልይ እነሱንም ትጨምራለች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ዕቃ ከእኛ በፊት የተጠቀሙትን ባርክ። ልጆቹንም አሳድግ።»

ልምምዱ ከባድ ነበር። አክስቴ በልጅነቷ የተማረችው የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የግዕዝ ፕሮግራም ግን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚቀበለው። ለእሷ ኪቦርዱ የጉንዳን መንገድ ነበር። እኔ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ወላይትኛን በላቲን ፊደል ተምሬያለሁ። ስለዚህ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ። በወላይትኛ ቃል እየጠራሁ ድምፁን ከፊደሉ ጋር አስያዝኳት።

እዚህ ላይ ግን አሳሳትኳት። ወላይትኛ ስንጽፍ «ጥ» የምትጻፈው በኤክስ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ኤክስ ሲነካ «ሽ» ይጽፋል። አክስቴ «ጠበቃ» ብላ ስትጽፍ «ሸበቃ» ሆኖ ወጣ። መነጽሯን አወለቀች።

«ይህ ሸበቃ የሚሉት ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ታዲያ አርሚኛ፣ በዚህ ዓይነት ማንም ሰው አይከራከርልንም!»

ትክክለኛውን ቁልፍ ፈልገን አገኘነው። እሷም አንዴ ያገኘችውን ቁልፍ ዳግም አልሳተችም። ለልምምድ የድሮ ማመልከቻዎቿን የካርቦን ቅጂ ነበር የምትገለብጠው። የአንድ የቤሌ ሰውዬን የጠፋ በሬ ሰባት ጊዜ ጽፈነዋል። በሬውን የማውቀው እስኪመስለኝ ድረስ፦ ቀይ፣ ግራ ቀንዱ የተሰበረ።

መብራት ሌላው ፈተና ነበር። ክረምቱን ሙሉ ይሄዳል፣ ይመጣል። በሄደ ቁጥር የጻፍነው አብሮ ይጠፋል። ጋሽ ማቴዎስ ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ ሲነኩ ጽሑፉ እንደሚቀመጥ አሳይቶን ነበር። አክስቴ ግን እጇ አንዴ ከተነሣ ማቆም አትወድም። ስለዚህ ሥራውን ተካፈልን። አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ «አሜን» ትላለች፤ እኔ ሁለቱን ቁልፎች እጫናለሁ። አሜን፣ ጫን። አሜን፣ ጫን። ጎረቤታችን በግድግዳው በኩል ሰምታ፣ «አስቴር፣ ቀኑን ሙሉ እየጸለይሽ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ አዎን አለቻት።

ጳጉሜ ሲያልቅ በጽሕፈት መኪናዋ ያላት ፍጥነት ላይ ለመድረስ ጥቂት ነበር የቀራት። መስከረም ገባ። ጊፋታ ደረሰ።

ልጆች በየደጁ «ዮ ዮ ጊፋታ» እያሉ ይጨፍራሉ። ከየቤቱ የሥጋና የዳጣ ሽታ ይመጣል። ዳጣ የእኛ አረንጓዴ በርበሬ ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። እኛ ቤት ሥጋም ነበረ፣ ዳጣም ነበረ፣ ቆጮም ነበረ። ቅቤ አልነበረም። አክስቴ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ወደ ሳጥኗ ሄደች። ለሠርጓ ራሷ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አወጣች። ዙሪያው ረጅም ዘርፍ አለው። ለዓመታት ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም። ኮምፒውተሩን አለበሰችው፤ ስክሪኑን ብቻ ገልጣ ሲፒዩውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው።

«ቅቤ ባይኖረን ይህ አለን» አለች። «ይከበር።»

ስክሪኑ ላይ እንኳን አደረሳችሁ ብላ በትልቁ ጻፈች። እንግዶቹ ገብተው አፋቸውን ያዙ። ዳንቴሉን እየዳሰሱ፣ ጽሑፉን እያነበቡ፣ ስለ ቅቤው የጠየቀ ሰው አልነበረም። የአክስቴ ፊት በራ። እኔም ኮራሁ። ልጆቹን አሰልፌ በየተራ ጠጋ ብለው እንዲያዩ ፈቀድኩላቸው።

ያኔ ነው ያ ሽታ የመጣው። የጋለ አቧራና የጋለ ክር። አንዷ ሴት «ወጥ አረረ እንዴ?» ብላ ወደ ጓዳ አየች። ከሲፒዩው ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ። መብራቱ ግን አልሄደም፤ አምፖሉ በርቷል።

አክስቴ ቁልፉን ተጫነች። ምንም። ደግማ ተጫነች።  ከእንግዶቹ መካከል አንዲት አሮጊት ተነሥተው እጃቸውን በዳንቴሉ ላይ ጫኑና በወላይትኛ ጌታን ጠሩ።

«ጎዳው፣ ጌታ ሆይ፣ ይህች ሴት ቅቤዋን ለዚህ ሰጥታለች። አንተ ታውቃለህ።»

ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ በልማድ ኮንትሮልና ኤስን ተጫንኩ። ምንም አልተቀመጠም።

ፍርድ ቤቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም።

በማግሥቱ ሲፒዩውን በነጠላ አስረን ቦዲቲ ሄድን። በመንገድ ላይ እኔ ቦምቤን አስብ ነበር። የአጎቴን ቤት፣ ስምንቱን ልጆች። የባሕር ዳርቻውንም ሰዎች አሰብኳቸው፤ በጨለማ የቀሩ መሰለኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑን አነሣ። ጎንበስ ብሎ ተመለከተና በወረንጦ አንድ ነገር መሳብ ጀመረ። ክር ነው። ነጭ፣ ረጅም፣ የማያልቅ። የዳንቴሉ ዘርፍ በጀርባው ቀዳዳ ገብቶ ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

«ይህን ማን ነው ሙሽራ ያደረገው?» አለ ጋሽ ማቴዎስ።

አክስቴ መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ። አክብሬው ነው።»

«እህቴ፣ ይህ በጀርባው ነው የሚተነፍሰው። አክብረሽ አፈንሽው።»

 ከዚያ አክስቴ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ጋሽ ማቴዎስም ሳቀ፤ እኔም። የተቃጠለች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከሌላ ከሞተ ኮምፒውተር ፈትቶ ቀየራት። ሲያበራው እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ግን በራ። የባሕር ዳርቻው ሰዎች እዚያው አሉ። ሰውዬው እየሳቀ ነው።

«እነዚህን ላጥፋልሽ?»

«ተዋቸው» አለች አክስቴ። «ለምደናቸዋል።»

ዋጋውን ስትጠይቀው ራሱን አከከ። የንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ማመልከቻ ያስፈልገው ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስበው ከርሟል። አክስቴ እዚያው የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ሰምታ ጻፈችለት። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። በኮምፒውተር ተጽፎ ዋጋ ያገኘ የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው ነው።

ጥቅምት አንድ ቀን ማለዳ ደረስን። የእኔ የትምህርት ፈረቃ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከዳሱ አጠገብ ካለ የልብስ ሰፊ ሱቅ በረጅም ገመድ መብራት ስበን ኮምፒውተሩን ዳሱ ሥር ተከልነው፤ ምንም ነገር ሳናለብስ፣ ጀርባውን ነፋስ ወደሚመጣበት አዙረን። ፕሪንተር አልነበረንም። የተጻፈውን በፍላሽ እየወሰድኩ ፎቶኮፒ ቤት አሳትማለሁ። ፍላሹን በክር አንገቴ ላይ አስሬው ነበር።

አቶ ጌታቸው አዲሱን ስስ ስክሪኑን ከፍቶ ተቀምጧል። የእኛን አየና ፉጨት ለቀቀ።

«እህት አስቴር፣ ይህን ሳጥን በጋሪ ነው ወይስ በሠረገላ ያመጣችሁት? ዶሮ ታቅፉበት ይሆን?»

«ሲፈለፍል አንድ ጫጩት እሰጥሃለሁ።»

ሁለት ወር የታቆረ ጠብ በአንድ ጠዋት መጣ። በሩ ፊት ሰው ሞላ። አብዛኛው ወደ ጌታቸው ሄደ፤ አዲስ ነገር ዓይን ይስባል። እኛ ጋ የመጡት አንዲት የቤሌ እናት ብቻ ናቸው፤ ወንድማቸው የአባታቸውን መሬት ከልክሏቸዋል። ኮምፒውተራችን ለመነሣት ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። አክስቴ ያን ጊዜ አላባከነችውም። አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። ስክሪኑ ሲበራ ነገሩን ጨርሰው ነበር።

መጻፍ ጀመረች። አሜን፣ ጫን። አሜን፣ ጫን። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ።

ከአቶ ጌታቸው በኩል «ኧረ በእግዚአብሔር!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሙሉ ገጹ ጠፍቶበታል። መብራት መጣ፤ እሱ ከመጀመሪያው ጀመረ። አክስቴ ካቆመችበት ቀጠለች። መብራት ደግሞ ሄደ። ጌታቸው ደግሞ ጮኸ። ደግሞ መጣ። የቤሌዋ እናት በየአሜኑ አብረው አሜን ይሉ ጀመር፤ ማመልከቻ ሲጻፍ እንዲህ የሚደረግ መስሏቸው ነበር።

ፍላሹን ይዤ ሮጥኩ። አሳትሜ ተመለስኩ። አክስቴ ወረቀቱን አንብባ ፈረመችበት፣ ሴትዮዋም የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ከዚያ ሦስታችንም ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄድን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። 

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።

«ዛሬ ጠዋት ሳልመልሰው የተቀበልኩት የመጀመሪያው ይህ ነው» አለችና ማኅተሙን መታችበት።

ያን ድምፅ እንዴት ብዬ ልግለጸው? አክስቴ መስኮቱን በእጇ ይዛ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም፤ እኔም የራሴን እያልኩ ነበር።

ወደ ዳሱ ስንመለስ ጠረጴዛችን ፊት ሰዎች ቆመዋል። ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ። ከአቶ ጌታቸው ወረፋ የተነሡ ናቸው። እሱ ራሱ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌን ክንዳቸውን ደግፎ ወደ እኛ ይመጣል። ፊቱ ቀልቷል። የቀልድ ምልክት የለበትም።

«እህት አስቴር» አለ፣ «እኒህ አባት የቦምቤ ናቸው። ሁለት ጊዜ ጽፌላቸው ሁለቴም ጠፋብኝ። አንቺ ጻፊላቸው፣ መኪና እንዳያመልጣቸው።»

አክስቴ አልሳቀችበትም። ወንበሩን በክንዷ ጠረገችና ወደ ሽማግሌው ገፋችው።

«ይቀመጡ አባቴ» አለች በወላይትኛ። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»